ጉልበቱ ለተጨመረ ሞተር ካንዴላ ሲሸጥ ነጋዴው ሊጠይቅ የሚገባው



በዚህ ገጽ ላይ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብዙ ቁም ነገር ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን በመጠኑ ከአንድ ጣት የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ይኸውም በሞተር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው። የመለዋወጫ ነጋዴ ፀሐፊ እንደ መሆኔ መጠን የትእዛዝ ደብዳቤ የምጽፈው፣ የዕቃ መግለጫ የማነበውና ፋክቱር የምመዘግበው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ የታዘብሁት ነገር ቢኖር፣ በመደርደሪያችን ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ካንዴላ በችኮላ የሚገዛና በችኮላ የሚሸጥ አለመኖሩን ነው። ገዢው «ውዱን ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም ውዱን ይሰጣል፤ ሁለቱም ስለ ሞተሩ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ይለያያሉ።

የጽሑፌ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ካንዴላ የሚመረጠው በዋጋውና በስሙ ሳይሆን ሞተሩ በሚሠራው ሥራ ነው። በተለይም ባለቤቱ የሞተሩን ጉልበት ከፋብሪካው ልክ በላይ ያሳደገው እንደ ሆነ፣ ጠይቆ የመሸጥ ግዴታ በነጋዴው ላይ ይወድቃል።

ይህን አሳብ ከግሸን መንገድ ጋር ማያያዜ ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው ሁሉ መስከረም 21 ቀን የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ግማደ መስቀሉ ወዳረፈበት መስቀለኛ አምባ ከአገሩ ሁሉ ምእመናን ይጎርፋሉ። ከሚያጓጉዟቸው ተሽከርካሪዎች ታላላቆቹ አብዛኛውን ጊዜ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። የናፍጣ ሞተር በግፊት ስለሚቀጣጠል ካንዴላ የለውም። ነገር ግን ከነዚህ ኋላ ቤንዚን የሚጠጡ የቤት አውቶሞቢሎችና ትንንሽ የሕዝብ ማመላለሻዎች ይከተላሉ። ከነዚህም መካከል ዕድሜያቸው የገፋ፣ አቀበቱን እንዲችሉ ሞተራቸው በጋራዥ የተነካካ አይጠፉም። በአምባሰል አቀበት ላይ፣ ከፊት ተሽከርካሪ ከኋላም ተሽከርካሪ ተሰልፎ፣ በአንድ በኩል ገደል ባለበት ኩርባ ላይ ሞተር ቢጠፋ የሚደርሰው ነገር የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም። ውስጡ ሰው አለ፤ እናቶችና ሕፃናት አሉ።

አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ካንዴላ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ማለት ነው፤ እንደ ቴስታታ፣ እንደ ማርሚታና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ ከመካኒኮቻችን ቋንቋ ጋር የተዋሐደ ቃል ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ብልጭታ መስጠት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ግን የተዘነጋ ነው፤ ይኸውም በጫፉ ላይ የሚጠራቀመውን ሙቀት በሸክላ መሰል አካሉና በጥርሱ በኩል ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ነው። የካንዴላ ጫፍ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ከ450 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚውል ከሆነ የሚያርፍበትን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም፤ ስለዚህ ይጠቁርና ብልጭታው ይከሽፋል። ከ850 ዲግሪ በላይ የጋለ እንደ ሆነ ደግሞ ጫፉ ራሱ እንደ ፍም ሆኖ፣ ብልጭታው ከመምጣቱ በፊት ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። ይህ ያለ ጊዜው የሆነ እሳት ሽቅብ የሚወጣውን ፒስቶን ቁልቁል ስለሚመታው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፒስቶን አቅልጦ ሊበሳ ይችላል።

ነገሩን እናቶቻችን ከምጣድ ያውቁታል። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ ቢፈስበት እንጀራው ይጣበቃል፤ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ያርራል። ካንዴላም እንዲሁ በሁለት ወሰኖች መካከል መዋል አለበት።

ፋብሪካዎች ካንዴላን «ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» እያሉ የሚከፍሉት ስለዚህ ነው። በሞቃቱ ካንዴላ ውስጥ ጫፉን የያዘው ነጩ ሸክላ ረዥም ስለ ሆነ ሙቀቱ ወደ ቴስታታው የሚደርሰው ረዥም መንገድ ተጉዞ ነው፤ በቀዝቃዛው ግን ሸክላው አጭር ስለ ሆነ ሙቀቱ ፈጥኖ ይወጣል። የብልጭታው ብርታት በዚህ አይለወጥም። ብዙ ሰዎች «ቀዝቃዛ» ሲባል ደካማ፣ «ሞቃት» ሲባል ብርቱ ይመስላቸዋል፤ ሌሎችም በተቃራኒው «ቀዝቃዛ» ሁሉ የእሽቅድምድም ዕቃ ስለሚመስላቸው ለተራ መኪናቸው ይሹታል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

የሞተር ጉልበት ሲያድግ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ቤንዚንና አየር ስለሚበዛ ሙቀቱም ያድጋል፤ ስለዚህ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ ያስፈልገዋል። አምራቾች በሰፊው የሚሰጡት ምክር በፋብሪካው ጉልበት ላይ ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት በተጨመረ ቁጥር አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ ካንዴላ ማስገባት ነው። አንድ ደረጃ የጫፉን ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያህል ይለውጣል። እንግዲህ ማርሚታ ብቻ ለውጦ፣ የአየር ማጣሪያ ብቻ ቀይሮ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ያገኘ ሰው ከፋብሪካው ካንዴላ የሚለይበት ምክንያት የለም። ቱርቦ ያስገባ ሰው ግን የግድ ማሰብ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ በአገራችን በብዛት የሚደርስ ነገር አለ። ሞተሩ ሞቆበት ቴስታታው የተጣመመበት ሰው ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስልገዋል። ቴስታታ በተላገ ቁጥር የመቀጣጠያው ክፍል ይጠባል፤ ክፍሉ ሲጠብ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል። እንዲሁም የመጀመሪያውን ሞተር አውጥቶ ከሌላ መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር የሚያስገባ አለ። እነዚህ ሰዎች ጉልበት ጨማሪ ነን ብለው አያስቡም፤ ጥገና ያደረጉ ነው የሚመስላቸው። ነገር ግን ሞተራቸው የቀድሞው ሞተር አይደለም። ካንዴላው የሚመረጠውም መኪናው በሚጠራበት ስም ሳይሆን ውስጡ ባለው ሞተር ነው። የጥርሱ ርዝመት ከቴስታታው ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ፣ ረዥሙ ፒስቶኑን ሊመታ ይችላል፤ አጭሩም ሳይሞላው በቀረው የቴስታታ ጥርስ ላይ ጥላሸት ይጋገርበታል።

ከውጭ አገር የሚመጣውን ምክር እንዳለ የማንቀበልበት ሌላ ምክንያት ደግሞ የአገራችን ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። በባሕር ዳርቻ 150 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በደሴ 115 ገደማ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ በደጋ የሚኖር ባለ መኪና 30 የፈረስ ጉልበት አስጨምሬአለሁ ቢል፣ ያስጨመረው ከፍታው የወሰደበትን ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሰው «ጉልበት ጨምሬአለሁና ሁለት ደረጃ የቀዘቀዘ ካንዴላ ስጡኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ በከተማው ውስጥ ቀስ እያለ ሲነዳ ካንዴላው ይጠቁርበታል። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ ሞተር ከሆነ ደግሞ በስሱ አየር ላይ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥላሸቱ ይብሳል። ማለዳ አልነሣ የሚል፣ በአቀበት ላይም የሚያነክስ መኪና ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

በሌላ በኩል ያው መኪና ወደ ሚሌ ወርዶ በአፋር ቆላ ላይ በፍጥነት ቢነዳ፣ ወፍራሙን አየር ስለሚተነፍስ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል፤ ሙቀቱም አብሮ ይመጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ በደጋም ቢሆን ጉልበቱ ያን ያህል አይቀንስበትም። ወደ ግሸን የሚያወጣው ዐይነት አቀበትም የራሱ ጠባይ አለው፤ መኪናው በከባድ ማርሽ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ በዝግታ ለረዥም ጊዜ ስለሚወጣ፣ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ሳያገኝ ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ «የምትነዳው ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከንቱ ወሬ አይደለም፤ የንግዱ አካል ነው።

አሁን የፀሐፊነቴ ሥራ ወደሚመለከተው፣ ማለትም ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ። የካንዴላ ደረጃ የሚገለጠው በላዩ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹ በአንድ ሥርዓት አይቆጥሩም። በጃፓኖቹ በኤን ጂ ኬ እና በዴንሶ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በጀርመኑ በቦሽና በአሜሪካው በቻምፒዮን ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሞቃል። የኤን ጂ ኬ 6 ቁጥር ከዴንሶ 20 እና ከቦሽ 7 ጋር ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ በመኪናው ላይ የኤን ጂ ኬ 6 የነበረው ሰው አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ ፈልጎ መጥቶ፣ ሻጩ «ከ6 በላይ 7 ነው» ብሎ የቦሽ 7 ቢሰጠው፣ ያው የነበረውን ሸጠለት ማለት ነው። የቦሽ 8 ቢሰጠው ደግሞ የባሰ ሞቃት አስገባለት። ደንበኛው የጠየቀው መድኃኒት ነበር፤ የተሰጠው ግን በሽታውን የሚያብስ ነው። ይህ ስሕተት የሚፈጸመው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው፤ ለፒስቶኑ ግን ልዩነት የለውም።

ፊደሎቹም ትርጉም አላቸው። ለምሳሌ ቢ ፒ አር 6 ኢ ኤስ በሚለው የኤን ጂ ኬ መጠሪያ ውስጥ «ቢ» የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊሜትር መሆኑን፣ «ፒ» ጫፉ ወጣ ያለ መሆኑን፣ «አር» ራዲዮንና የኤሌክትሪክ ዕቃን የሚያውከውን ሞገድ የሚቀንስ መከላከያ በውስጡ እንዳለ፣ «6» የሙቀት ደረጃውን፣ «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታሉ። በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ አንዲት ፊደል መዝለል ሌላ ዕቃ ማዘዝ ነው።

ስለ ማዕድኑም እንዲሁ ብዙ ይወራል። ኢሪዲየም በ2,446 ዲግሪ፣ ፕላቲኒየም በ1,768 ዲግሪ፣ ኒኬል በ1,455 ዲግሪ የሚቀልጡ ናቸው። ኢሪዲየም ጠንካራ ስለ ሆነ ጫፉን አቅጥኖ መሥራት ይቻላል፤ ቀጭን ጫፍም ባነሰ የኤሌክትሪክ ግፊት ብልጭታ ይሰጣል፤ ዕድሜውም ረዥም ነው። ነገር ግን ኢሪዲየም ማለት ቀዝቃዛ ማለት አይደለም። ሞቃት ኢሪዲየምም አለ፤ ቀዝቃዛ ኒኬልም አለ። ደረጃው የተሳሳተ ውድ ካንዴላ፣ ደረጃው ከተስማማ ርካሽ ካንዴላ ያንሳል። መዳብ በውስጡ ያለውን ተራውን ኒኬል በልኩ መርጦ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ጉልበቱ ለተጨመረ ሞተርም ነውር የሌለበት ምርጫ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በብር ሲታይ እጅግ ስለ ጨመረ፣ ደንበኛውን ከማያስፈልገው ወጪ ማዳን የነጋዴ ክብር ነው።

የብልጭታው ክፍተትም መረሳት የለበትም። ቱርቦ በገባለት ወይም ኮምፕሬሽኑ ባደገ ሞተር ውስጥ አየሩ የታመቀ ስለ ሆነ ብልጭታው ለመዝለል ይቸገራል። በተራ ሞተር 1 ሚሊሜትር ያህል የሚሆነው ክፍተት፣ ቱርቦ ባለው ሞተር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ቢጠብ ይመረጣል። ይህም በመለኪያ እንጂ በዓይን ግምት አይደረግም፤ ቀጭኑ የኢሪዲየም ጫፍ በግዴለሽነት ቢነካ ይሰበራል። ሲገጠምም ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በጣት እስኪቆም ድረስ ገብቶ፣ አዲስ ሮንዴላ ያለው ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ይጠብቃል። የላላ ካንዴላ ሙቀቱን ማስተላለፍ ስለማይችል፣ ቀዝቃዛው እንኳ እንደ ሞቃት ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ወጣት ወደ ሱቅ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ለኮሮላዬ አራት ካንዴላ ይስጡኝ፤ ከሁሉ ውዱንና ከሁሉ ቀዝቃዛውን» ቢል፣ መልካሙ ነጋዴ ወዲያው እጁን ወደ መደርደሪያው አይሰድም። «ልጄ፣ ሞተሩ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው ወይስ የተቀየረ? ቴስታታው ተልጓል ወይ? ቱርቦ ገብቶለታል? የምትነዳውስ በደጋ ነው ወይስ ወደ ቆላ ትወርዳለህ? አሮጌዎቹን ካንዴላዎች ይዘሃቸው መጥተሃል?» ብሎ ይጠይቃል። አሮጌው ካንዴላ ከባለቤቱ ይልቅ እውነት ይናገራል። ጫፉ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ከሆነ ደረጃው ተስማምቷል። ደረቅ ጥላሸት ካለበት ወይ ቤንዚኑ በዝቷል ወይ ካንዴላው ከመጠን በላይ ቀዝቃዛ ነው። ዘይት የነካው ከሆነ ጥፋቱ ከፒስቶን ቀለበቶች ወይም ከቫልቭ ነውና ካንዴላ መለወጥ አያድነውም። ነጥቶ ነጠብጣብ ያወጣ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ እየጋለ ነው፤ ይህ ሰው በዚያ ሁኔታ ወደ አቀበት መሄድ የለበትም።

«ነጋዴ መካኒክ አይደለም፤ የተጠየቀውን ይሸጣል» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሞተር ፈትቶ መመርመር የነጋዴ ሥራ አይደለም። ነገር ግን የሚሸጠውን ዕቃ ማወቅ የነጋዴ ሥራ ነው። ጨርቅ ሻጭ ጥጡን ከሱፉ፣ ቡና ሻጭ የታጠበውን ካልታጠበው ካልለየ ነጋዴ አይባልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ምንጩ ያልታወቀና ጥራቱ የወረደ ዕቃ መሸጥን ከልክሏል። የታወቀ ፋብሪካ ስም በሐሰት የተለጠፈበት ካንዴላ በገበያ ውስጥ ይገኛል። የላዩ ቁጥር እውነት ባልሆነ ጊዜ ከዚህ በላይ የተባለው ምክር ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ሌሎች ደግሞ፣ «የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ የካንዴላ ነገር ያለፈበት ነው» ይላሉ። እኔ በተቃራኒው አስባለሁ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ይህ ማለት በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ተተኪ ሳያገኙ ለብዙ ዓመት እየተጠገኑ፣ ሞተራቸው እየተለወጠና እየተላገ ይኖራሉ ማለት ነው። የተነካካ ሞተር ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ስለዚህ ለምክር ቤታችን አባላት አራት ነገሮችን በአክብሮት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ቁጥሮች ጎን ለጎን የተነጻጸሩበት ሠንጠረዥ በአማርኛ ታትሞ በየመለዋወጫ ሱቁ ይሰቀል፤ የትኛው ቁጥር ወደ ሙቀት፣ የትኛው ወደ ቅዝቃዜ እንደሚሄድ በጉልህ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ በደረሰኝ ላይ «ካንዴላ 4» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ የፋብሪካው ስምና ቁጥሩ ከነፊደሉ በሙሉ ይመዝገብ፤ ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ መነሻ ይኖረናል። ሦስተኛ፣ ካንዴላ ለአንድ ሞተር በሙሉ ቁጥሩ፣ አንድ ዐይነት ሆኖ ይሸጥ፤ ሁለት ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ አይቀላቀል። አራተኛ፣ ወደ ግሸን የሚጓዙ ባለ መኪናዎች በዋዜማው ሳይሆን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ካንዴላቸውን እንዲያስመረምሩ በየሱቃችን እንምከር፤ አዲስ የገባ ካንዴላ በቅርብ አቀበት ላይ ተፈትኖ፣ ወጥቶ መታየት አለበትና።

እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አያስወጡም። የሚጠይቁት አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ የተሟላ ደረሰኝና የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ጊዜም ነጋዴው «ይህ አያስፈልግህም፤ የፋብሪካው ይበቃሃል» ብሎ ከውዱ ዕቃ የሚያገኘውን ትርፍ መተው ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ነጋዴ ግን ያ ደንበኛ በሚመጣው ዓመት ወንድሙን ይዞለት ይመጣል። ከዚህ የተሻለ አሳብ ያለው ሰው በዚሁ ገጽ ቢገልጥልን ሁላችንም እንጠቀማለን፤ እስከዚያው ግን ጠይቀን እንሽጥ።